የባሌ ዐመፅና የሁለቱ ወገኖች ኃይል (ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም.)

በ1955 ዓ.ም. በኤል ከሬ አውራጃ የተነሣው የባሌ ዐመፅ እስከ 1962 ዓ.ም. ቆይቷል። የሁለቱን ወገኖች ኃይል በመዝገብ ላይ ብቻ ያነጻጸረ ሰው፥ ይህን ያህል መቆየቱ ያስገርመዋል። መንግሥት ወደ 40,000 የሚጠጋ ጦር ነበረው፤ ከ1945ቱ የአሜሪካ ውል ወዲህም ጦሩ በአዲስ መሣሪያ ተደራጅቷል፤ አየር ኃይልም አለው። ዐማፅያኑ ግን ከሶማሊያ በኩል የሚገባ ጠመንጃና እንደ ዋቆ ጉቱ ያሉ ከመካከላቸው የወጡ መሪዎች ነበሯቸው።

በደሎና በገናሌ ቆላ ግን ሚዛኑ ሌላ ነበር። ከ40,000ው ጦር አብዛኛው በኤርትራ፥ በኦጋዴንና በዋናው ከተማ የተያዘ ነው። ወደ ቆላው የተላከውም ቢሆን ካሚዮኑ መንገድ ይፈልጋል፤ ሰውና ሞተር ውሃ ይፈልጋሉ። ከብት አርቢው የየጉድጓዱን ቦታ ከልጅነቱ ያውቃል፤ ሲገፋም ድንበር ተሻግሮ ይመለሳል። ከዚህ ሁሉ በላይ መንግሥት ራሱ ለጠላቱ ሰው ይመለምልለት ነበር ማለት ይቻላል፤ በመሬት ልኬትና በግብር ውዝፍ ርስቱን ያጣ ገበሬ ወደ ጫካ ለመግባት ብዙ ቅስቀሳ አያሻውም።

የዐማፅያኑም ድካም እዚያው ከብርታታቸው አጠገብ ነበር። አንድ የጋራ አዛዥ አልነበራቸውም፤ የጥይታቸውም ምንጭ በሌላ መንግሥት እጅ ነው። በ1959 ዓ.ም. መጨረሻ መሐመድ ኢብራሂም ኤጋል በሞቃዲሾ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ከኢትዮጵያ ጋር መቀራረብ ሲጀምሩ ይህ ምንጭ እየነጠፈ ሄደ። የአየር ድብደባው ብዙ ጎድቷል፤ በእኔ አስተያየት ግን ከቦምቡ ይልቅ ይህ የፖለቲካ ለውጥ ከብዷል። በመጨረሻም ዋቆ ጉቱ በ1962 ዓ.ም. የገቡት በድርድርና በምሕረት ነው። ያግባቧቸው ጄኔራል ጃገማ ኬሎ፥ በልጅነታቸው በጣሊያን ላይ ጫካ ገብተው የተዋጉ አርበኛና የአገሩን ቋንቋ የሚናገሩ ሰው መሆናቸው ከአንድ ሻለቃ ጦር ያላነሰ ዋጋ ነበረው።

ቆላው ለመንግሥት ጦር ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ ለማየት ገናሌን ተሻግሮ ወደ ነገሌ ቦረና መመልከት ይበቃል። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በዚያ የሰፈሩት የአራተኛ ክፍለ ጦር ወታደሮች፥ የውሃ መሳቢያቸው ተበላሽቶ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ ቢከለከሉ ዐመፁ። ሊያነጋግሯቸው የመጡትን የምድር ጦር አዛዥ ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ይዘው፥ የሚበሉትን አበሏቸው፤ የሚጠጡትንም ውሃ አጠጧቸው።