ሜዳው የማን ነው?
ስለ ሕዝብ መጫወቻ ሜዳዎች ይዞታ አጭር የታሪክ ሐተታ

አንድ መሐንዲስ የአንዲትን ከተማ ካርታ ሲያነሣ አስቀድሞ ዓይኑን የሚስበው የተሠራው ነገር ነው። ቤቱ፣ መንገዱ፣ ድልድዩ፣ የውሃ ማጠራቀሚያው ሁሉ በወረቀት ላይ ምልክት አለው፤ ቁጥርም ይሰጠዋል። ያልተሠራው ግን ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከዚህም የተነሣ በሙያችን ቋንቋ ውስጥ «ባዶ ቦታ» የሚባል አነጋገር ሥር ሰዶ ይገኛል። ቃሉ ሲሰሙት ጉዳት የሌለበት ይመስላል። ነገር ግን በአገራችን ከተሞች ከተነሡት የመሬት ጠቦች ብዙዎቹ የተጀመሩት ካርታው ባዶ ነው ብሎ በተወው፣ ሕዝቡ ግን ባዶ እንዳልሆነ በሚያውቀው ቦታ ላይ ነው።

ይህ ሐተታ ከነዚህ ቦታዎች መካከል አንዱን ዓይነት፣ ይኸውም የሕዝብ መጫወቻ ሜዳን ይመለከታል። ጥያቄውም ቀላል ነው። ማንም ያልገዛው፣ ሁሉም የሚጠቀምበት ሜዳ የሚታዘዘው ለማን ነው? ለመልሱ ከሩቅ ጀምረን ወደ ቅርብ፣ በመጨረሻም ወደ ራሳችን እንመለሳለን።

ከባሕር ማዶ አንድ ምሳሌ

«ዲስክ ጎልፍ» የሚባለው ጨዋታ ለብዙው አንባቢ እንግዳ ሳይሆን አይቀርም። አካሄዱ እንደ ጎልፍ ሆኖ በዱላና በኳስ ፈንታ ሳህን የመሰለ የፕላስቲክ ዲስክ በእጅ ይወረወርበታል። ዒላማው በብረት ምሰሶ ላይ የቆመ ቅርጫት ነው፤ ከቅርጫቱ በላይ ሰንሰለቶች ይንጠለጠላሉ። ዲስኩ ሰንሰለቱን ሲመታ ኃይሉን ያጣና ቁልቁል ወደ ቅርጫቱ ይወድቃል። የዚህ ዓይነት የመጀመሪያው ቋሚ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1975 በካሊፎርኒያ፣ በሎስ አንጀለስ አካባቢ በሚገኘው በኦክ ግሮቭ መናፈሻ ተዘረጋ። የዘረጋውም ኤድ ሄድሪክ የተባለ፣ በአንድ የመጫወቻ ዕቃ ፋብሪካ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ባለሰንሰለቱን ቅርጫትም ከዚያ በኋላ የፈለሰፈው እርሱ ነው።

ጨዋታው የተስፋፋው ርካሽ ስለ ሆነ ነው። መሬት መደልደል፣ ሣር መዝራት፣ አጥር ማጠር አያስፈልገውም፤ ዛፉንና ጉብታውን እንዳለ ይጠቀምበታል። ጠቡም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ቅርጫቶቹን አብዛኛውን ጊዜ የሚተክለው ከአባላቱ ገንዘብ ያዋጣ ክበብ ነው። መሬቱ የከተማው አስተዳደር ነው። በመካከሉ የሚያልፈው መንገደኛና ልጁን ይዞ የሚናፈሰው ወላጅ ደግሞ የመናፈሻው የቀድሞ እንግዶች ናቸው። መንገደኛው «ዲስክ ሊመታኝ ነበር» ይላል፤ ዛፍ ወዳጁ «ቅርፊቱ ቆሰለ፣ አፈሩም ተረገጠ» ይላል፤ ክበቡ «በላቤ የሠራሁትን እኔ ላስተዳድረው» ይላል፤ አስተዳደሩም «ፈቃድ የምሰጠው እኔ ነኝ» ይላል።

እንግዲህ በአንድ ሜዳ ላይ ሦስት ልዩ ልዩ መብቶች መደራረባቸውን ልብ እንበል። አንዱ የመያዝ፣ ሁለተኛው የመጠቀም፣ ሦስተኛው የመጠበቅና የማስተዳደር መብት ነው። ሦስቱ በአንድ እጅ ሲሆኑ ክርክር የለም። ሲለያዩ ግን እያንዳንዱ ወገን የያዘውን አንዱን መብት እንደ ሙሉው ይቆጥረዋል።

በዚያው ዓመት በኛ አገር

ሄድሪክ ሜዳውን በዘረጋበት ዓመት በኢትዮጵያ የመሬት ሥሪት ከመሠረቱ ተለወጠ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥትና የሕዝብ አደረጉ። የገበሬ ማኅበር በ800 ሔክታር ወይም በ20 ጋሻ መሬት ላይ እንዲቋቋም ተደነገገ። በከተማ ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ።

ከዚያ በፊት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ እንደ ሌላው የበጌምድር አገር ሁሉ የእርሻው መሬት በርስት ይያዝ ነበር። የመንደሩ መስክ ግን የወል ነበር። በሬው ይሰማራበታል፤ እረኛው ይጫወትበታል፤ ሽማግሌው ይሸመግልበታል። ከጉና ግርጌ እስከ በሽሎ ሸለቆ ባለው ገደላማ አገር ለጥ ያለ ሜዳ ብርቅ ነው። ስለዚህ ያው አንዱ መስክ በየወሩ ሌላ ስም ያለው ያህል ሌላ ሥራ ነበረው። በመስከረም ወር ደመራ የሚደመርበት፣ ታኅሣሥ 29 ገና የሚመታበት፣ ጥር 11 ታቦት አጅቦ የመጣው ሕዝብ የሚጨፍርበትና ፈረስ የሚጋለብበት እርሱው ነው።

በተለይ የገና ጨዋታ ሜዳውን ማን እንደሚያዝዘው ጉልህ አድርጎ ያሳያል። የላይ ቤትና የታች ቤት ተብሎ ጎራ ይለያል፤ ቆልማማ ዱላ ይያዛል፤ ጥንጓ ትመታለች። ወሰኑን የሚያበጅ ኖራ የለም፤ ዳኛውም የዕድሜ ባለጸጋው ነው። በዚያ ቀን ጌታም ቢመታ እንደማይቆጣ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሜዳው ለአንድ ቀን እንኳ ቢሆን የባለርስቱ መሆኑ ቀርቶ የተጫዋቹ ይሆን ነበር። ይህ ሥርዓት ያልተጻፈ እንጂ ያልነበረ አልነበረም።

አዋጁ የወልን መስክ ከባለርስት ሽሚያ አዳነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ያንን ያልተጻፈ ሥርዓት አልጻፈውም። የመንደሩ የነበረው የሁሉ ሆነ፤ የሁሉ የሆነውም በወረቀት ላይ ጠባቂው ማን እንደ ሆነ ሳይታወቅ ቀረ።

የጃን ሜዳ ትምህርት

በአገራችን ስለ ሕዝብ ሜዳ ሲነሣ ከጃን ሜዳ የበለጠ ምስክር የለም። የስሙ ምንጭ «የጃንሆይ ሜዳ» እንደ ሆነ ይነገራል። በአዲስ አበባ ከስድስት ኪሎ በስተምሥራቅ የተዘረጋው ይህ መስክ የፈረስ እሽቅድምድም፣ የጦር ሰልፍ፣ የእግር ኳስና የአገር አቋራጭ ሩጫ አስተናግዷል። ከሁሉ በላይ ግን በየዓመቱ ጥር 10 ታቦታት ወርደው የሚያድሩበት የጥምቀት ቦታ ነው።

በ2012 ዓ.ም. በዚህ ሜዳ ላይ ሁለት ነገሮች ተከታትለው ደረሱ። በመጀመሪያ የኢትዮጵያ የጥምቀት በዓል በዩኔስኮ የማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፈረ። ከጥቂት ወራት በኋላ የኮሮና ወረርሽኝ ገባ፤ በፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ መጨናነቁን ለማስቀረት ሲባል ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ውሳኔው የመጣው ከአስቸኳይ ችግር ነው፤ ሰፊና ክፍት ቦታ ያስፈልግ ነበር፤ እርሱም ተገኘ። ዳሩ ግን ክረምቱ ሲገባ የከባድ መኪና ጎማ መስኩን ወደ ጭቃ ለወጠው፤ የአትክልቱ ጥራጊም ተከመረ። ሯጩም ኳስ ተጫዋቹም ከሜዳው ወጡ።

የከተማው አስተዳደር ይዞታው የኔ ነው ሊል ይችላል። ቤተ ክርስቲያን የዘመናት ተጠቃሚነቷን ትቆጥራለች። ስፖርተኛው በየማለዳው የሚሮጥበት እርሱ ነው። ነጋዴውም ተፈቅዶለት የገባ እንጂ ሰብሮ የገባ አይደለም። ሁሉም እውነት አለው።

ታዲያ ጃን ሜዳን ማን አዳነው? እንደ እኔ አስተያየት ያዳነው ቀን መቁጠሪያው ነው። ጥር 11 አይዛወርም፤ ለሌላ ጊዜ ይደር አይባልም። የ2013 ዓ.ም. ጥምቀት በቀረበ ጊዜ ገበያው ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ወደ ተሠራለት ቦታ ተነሣ፤ ወጣቶች በፈቃዳቸው ወጥተው ሜዳውን አጸዱ፤ በዓሉም በቦታው ተከበረ። ሜዳው የተመለሰው የተቆረጠ ቀን ያለው፣ ብዙ ሕዝብ የቆመለት አገልግሎት ስለ ነበረው ነው። በየትናንሹ ከተማ የሚገኘው ሜዳ እንዲህ ያለ ተከላካይ ቀን ባይኖረውስ? ወይም ቀኑ ቢኖረውም የሚመለከተው ባይኖርስ?

ሕጉ ምን ይላል?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ መሆኑን ደንግጓል። የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 የወል ይዞታን ለግጦሽ፣ ለደንና ለሌላ ማኅበራዊ አገልግሎት ነዋሪው በጋራ የሚጠቀምበት ሲል ተርጉሞት ነበር። ያው አዋጅ ግን መንግሥት አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው የወል ይዞታ ወደ ግል ሊለወጥ እንደሚችል ጨምሮ ነበር። እንግዲህ «አስፈላጊ» የሚለውን ቃል የሚተረጉመው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። በተግባር ሲታይ ብዙ ጊዜ የሚተረጉመው ካርታ ያነሣው ባለሙያ ነው፤ እርሱ ባዶ ያለውን ሌላው እንደ ባዶ ይቀበለዋልና።

ስለ ወል ሀብት የተጻፈውም በሁለት ይከፈላል። ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ የወል የሆነ ግጦሽ መጥፋቱ እንደማይቀር ተከራከረ። ኤሊኖር ኦስትሮም ግን በስዊዘርላንድ ተራራማ መንደሮች፣ በጃፓን የወል ደኖችና በስፔን የመስኖ ማኅበራት ያለውን መርምራ፣ ተጠቃሚው ራሱ ደንብ ሲያወጣና መንግሥትም ደንቡን ሲያከብርለት የወል ሀብት ለዘመናት ሊጠበቅ እንደሚችል አሳየች፤ በዚህም እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤልን የኢኮኖሚክስ ሽልማት ከሌላ ምሁር ጋር ተካፈለች። የገናን ጨዋታ የሚያውቅ የጋይንት ሰው ይህ አዲስ ነገር አይሆንበትም።

ከራሴ ሥራ

እስካሁን የሌላውን ተናገርሁ፤ የራሴን ብሸሽግ ግን ሐተታው ጎዶሎ ይሆናል። ተወልጄ ያደግሁት በንፋስ መውጫ ነው። ከተማዋ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ከወረታ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ትገኛለች። ስሟም እንዲያው የተሰጣት አይደለም። በልጅነታችን ከንፋሱ ፊት ለፊት የተመታች የጨርቅ ኳስ ወደ መቺው ትመለስ ነበር፤ ስለዚህ ከዕረፍት በኋላ ጎል መለዋወጥ የፍትሕ ጉዳይ መሆኑን የተማርነው ከማንኛውም ሕግ በፊት በሜዳ ላይ ነው።

ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በጥቂት ዓመት ውስጥ በዚያው አካባቢ የአንዲት አነስተኛ ከተማን መሠረታዊ ካርታ የሚያነሣ ቡድን አባል ሆንሁ። የከተማዋን ስም ልተወው። የደረስነው በግንቦት ነበር፤ ሥራችንም በሥራ ቀን፣ ከረፋዱ። በከተማዋ ዳር ርዝመቱ ከመቶ ሜትር የሚያልፍ ለጥ ያለ መስክ አገኘን። ሕፃናቱ ትምህርት ቤት ነበሩ፤ ከብቶቹ ወደ ሌላ ተሰማርተዋል፤ በዓል አልነበረም። መሣሪያዬን ተክዬ ማዕዘኖቹን ለካሁና በመዝገቤ ላይ «ባዶ ቦታ» ብዬ ጻፍሁ።

የደንቡ የእግር ኳስ ሜዳ 105 በ68 ሜትር፣ ማለትም 7140 ካሬ ሜትር ነው። ይህ ለቤት መሥሪያ ባለ 200 ካሬ ሜትር ሆኖ ቢከፋፈል 35 ቦታ ይወጣዋል። ቤት ፈላጊው ብዙ ነበር፤ ሒሳቡም አሳማኝ። ፕላኑ ጸደቀ፤ ችካሉ ተመታ። ታኅሣሥ 29 ቀን የገና ዱላ ይዘው የወጡት ወጣቶች ችካሉን በሜዳው ላይ አገኙት፤ ነቀሉትም። የተነቀለው እንደ ገና ተመታ፤ እንደ ገናም ተነቀለ። ጥቂት ወጣቶች ታሰሩ። ቦታ የተመሩት ሰዎችም ቢሆኑ ለዓመታት ተራ የጠበቁ፣ በኪራይ የተንገላቱ ናቸውና ጠላት የሚባሉ አልነበሩም።

በመጨረሻ ሽማግሌዎች ገቡ። እኔም እንዳስረዳ ተጠርቼ ካርታዬን ዘረጋሁ። አንድ አዛውንት ረጋ ብለው ሲመለከቱ ቆዩና፣

«ልጄ፣ ይህን ሜዳ ስትለካው ማን አሳየህ?» አሉኝ።

«ማንም አላሳየኝም አባቴ፤ ራሴ አየሁት» አልኋቸው።

«መሬቱን አይተሃል፤ ሜዳውን ግን አላየኸውም» አሉ።

እርቁ በመክፈል ተፈጸመ። ወጣቶቹ ተፈቱ፤ በአንድ ወገን ያሉት ቦታዎች ለተመሪዎቹ ጸኑ፤ የቀረው ሜዳ ሆኖ ተከለለ። የተከለለው 80 በ45 ሜትር ነው። ኳስ ይጫወቱበታል። ፈረስ ግን አይጋለብበትም፤ የገና ጥንግም ከቤቶቹ መስኮት ጋር አይስማማም። ያ ጨዋታ በዚያች ከተማ ቀረ። ልኬቴ በሚሊሜትር ትክክል ነበር፤ ስሕተቱ የነበረው በሁለት ቃላት ላይ ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ለሙያ ባልደረቦች ግልጽ ነው። አንደኛ፣ ካርታ የሚያነሣ ሰው ቦታው በዓመት ውስጥ በየትኛው ወርና ቀን ለምን እንደሚያገለግል ከነዋሪው ጠይቆ ይመዝግብ፤ የመስኩ ልኬት ያለ ቀን መቁጠሪያው ጎዶሎ ነውና። ሁለተኛ፣ «ባዶ ቦታ» የሚለው ምልክት ከመዝገባችን ወጥቶ በፈንታው «አገልግሎቱ ያልተጣራ» ይባል፤ ይህ ቃል ቢያንስ አንድ ጥያቄ ያስከትላል። ሦስተኛ፣ የሕዝብ ሜዳ ወሰኑ በይዞታ መዝገብ ገብቶ ጠባቂው፣ ማለትም የተጠቃሚዎቹ ኮሚቴ፣ በስም ይታወቅ። አራተኛ፣ የቤት ችግርን በሜዳ ለመፍታት ከመነሣታችን በፊት የ35 ቦታውን ሒሳብ ብቻ ሳይሆን የሌላውንም ወገን ሒሳብ እንሥራ።

በኦክ ግሮቭ ቅርጫት የተከለውም፣ በጃን ሜዳ ጥራጊ የጠረገውም፣ በዚያች ትንሽ ከተማ ችካል የነቀለውም ወጣት የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ስንጠቀምበት የኖርነው ይቆጠርልን የሚል። ይህን መቁጠር ከመለካት የሚበልጥ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ከመለካት በፊት የሚሠራ ሥራ ነው።