የጓሳ ሣር ሕግና የመንዝ ወፎች

የጓሳ ሜዳ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ይገኛል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ሲሆን፣ ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ስሙን ያገኘው ውርጫማውን ምድር ከሸፈነው የጓሳ ሣር ነው። በሣሩ መሐል ጅብራ ይበቅላል፤ በረግረጉ የሚቋጠረው ውኃም ወደ ዓባይና ወደ አዋሽ ተፋሰስ ለሚወርዱ ወንዞች መነሻ ነው። ሜዳውን በዓለም ያስጠሩት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ናቸው። የወፎቹ ታሪክ ግን ከዚያ ባልተናነሰ ሊነገር ይገባዋል፤ ለዘመናት መጠለያቸውን የጠበቀላቸው ሕግ ስለ ወፍ ሳይሆን ስለ ሣር የወጣ ነበርና።

የአካባቢው ትውፊት ሕጉን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ይጀምረዋል። አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ሜዳውን ተካፍለው ለልጆቻቸው አወረሱ፤ መሬቱም በአጽመ ርስት ተያዘ። ከሁለቱ የሚወለድ ሰው ሣር የማጨድና ከብት የማሰማራት መብት ነበረው፤ ሜዳውን በተራው የመጠበቅ ግዴታም አብሮ ይመጣ ነበር። ይህ ቄሮ የሚባለው ሥርዓት ነው። አለቃው አባ ቄራ ይባል ነበር፤ የሚመረጠውም በባለርስቶቹ ነበር። ጥበቃው በየደብሩ የተደራጀ ስለነበር ሜዳው መዘጋቱም ሆነ መከፈቱ በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በለቅሶ ላይ ይነገር ነበር። ሣሩ እስኪያገግም ሜዳው ለሦስት፣ አንዳንዴም ለአምስት ተከታታይ ዓመታት ሳይነካ ይቆይ ነበር። ሲከፈትም የሚከፈተው በበጋው ብርታት፣ ሌላው ግጦሽ ሲያልቅ ነበር፤ ሐምሌ 5 ቀን የሐዋርያት ጾም ሲፈታ መልሶ ይዘጋ ነበር። ሕግ የተላለፈ ሰው ቅጣት ከባድ ነበር።

ይህን ያህል ጥብቅነት ያለ ምክንያት አልመጣም። የመንዝ ጎጆ የሚከደነው በጓሳ ነው፤ ገመዱም ከጓሳ ይገመዳል፤ እረኛው ከዝናብ የሚጠለልበት ገሳም ከዚሁ ሣር ይሠራል። ድርቅ ሲመጣ ደግሞ የከብቱ የመጨረሻ ተስፋ ሜዳው ነበር።

ለወፎቹ ወሳኙ ነገር ያልታጨደው፣ ያልተረገጠው ጎፈር ሣር ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ የማትገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ በረግረጉ ዳር ትውላለች፤ ስትራመድ እንኳ አንገቷን ወደ ኋላ አጥፋ ጀርባዋ ላይ ስለምታሳርፍ ከሩቅ ትለያለች። ጎጆዋን የምትሠራው መሬት ላይ፣ በሣር መካከል ነው። የሩዤ ራል በመባል የምትታወቀው፣ በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የምትኖረው ቡናማ ወፍም እንዲሁ እርጥብ ሣር ትመርጣለች፤ በጎፈሩ ሥር ስትሹለከለክ ጅራቷን ቀጥ እያደረገች ከሥሩ ያለውን ነጭ ላባ ታሳያለች። ከብት ረግረጉን ሲረግጠውና ሣሩ ያለ ወቅቱ ሲታጨድ ሁለቱም መጠለያ ያጣሉ። አይጥና ፍልፈል በሣሩ ውስጥ ሲረቡ ደግሞ ቀይ ቀበሮ ብቻ ሳይሆን ንስርና ጭልፊትም ይመገባሉ። የቄሮ ሕግ ይህን ሁሉ አንድ ላይ ጠብቋል።

ሥርዓቱ የፈረሰው በአብዮቱ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር አባ ቄራ የቆመበት መብትም አብሮ ተሻረ። ለጭሰኛው ነፃነት ያመጣ አዋጅ ጓሳን ግን ጠባቂ አሳጣው። ከሁለቱ አባቶች የማይወለደው ጎረቤትም ሜዳውን የመጠቀም ዕድል ማግኘቱ ፍትሐዊ ነበር፤ ጥፋቱ በቄሮ ምትክ ሌላ ሕግ አለመቆሙ ነው። ሣሩ ያለ ወቅቱ ይታጨድ፣ ሜዳውም ያለ ልክ ይጋጥ ጀመር።

የወፍ ተመራማሪዎች ዓይን ጓሳ ወዳለበት ተራራ ሰንሰለት በይበልጥ የዞረው በዚያው ዘመን ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. ጆን አሽ የተባለ እንግሊዛዊ በአንኮበር አቅራቢያ ለሳይንስ አዲስ የሆነች ትንሽ ፍሬ በሊታ ወፍ አገኘ፤ በ1979 የአንኮበር ሰሪን ተብላ ተመዘገበች። ኋላ ላይ በጓሳና በሰሜን ተራሮችም ታይታለች። የምትኖረው በገደል አፋፍና በተናደ አፈር ላይ በመሆኑ የሣር ሕግ ብቻ አይበቃትም። በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መዝገብ በአገሪቱ 69 ለወፎች ጠቃሚ ሥፍራዎችን ዘርዝሯል፤ የአንኮበርና የደብረ ሲና ገደላማ ምድር አንዱ ነው።

በጓሳ ዙሪያ ያሉ ቀበሌዎች ከደርግ ውድቀት በኋላ የቄሮን ልምድ በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ አድሰው ጥበቃውን መልሰው ያዙ። የአማራ ክልልም በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ ቦታውን የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥበቃ ቦታ አድርጎ አጸናው። ይህ ደንብ ከጥንቱ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ የዱር እንስሳቱንና ወፎቹን በቀጥታ የጥበቃው ዓላማ አድርጓል። ቆርቆሮ የሣር ክዳንን እየተካ በሄደ ቁጥር ግን ሕዝቡን ከጓሳ ያስተሳሰረው የጥንቱ ጥቅም ይሳሳል፤ ስለዚህ ከቱሪስት የሚገኘው ገቢ ሣሩን ሲጠብቅ ለሚያድረው ገበሬ ቤት መድረስ አለበት።