ከቆቃ ዳርቻ እስከ ጉበት ሴል ደጃፍ፦ ፕሮቲዮግላይካን፣ ፖሊያሚንና ወባ

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ከአዳማ እስከ መተሐራና ባቱ በተዘረጋው ስምጥ ሸለቆ ወባ ይበረታል። እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ በጀመረው የቆቃ ግድብ ዙሪያ የተደረጉ ጥናቶችም በውሃው ዳር ባሉ መንደሮች ሕመሙ ራቅ ካሉት ይልቅ እንደሚበዛ አሳይተዋል። የዚህ መጣጥፍ ጉዳይ ግን የትንኟ መራቢያ አይደለም፤ ጥገኛ ተህዋሲው በሰው ሴል ደጃፍ የሚያገኘው የስኳር ሰንሰለት ነው።

ሲንዴካንና ግሊፒካን የተባሉ የሴል ገጽ ፕሮቲኖች ሄፓራን ሰልፌት የሚባል ረጅም ሰንሰለት ይሸከማሉ፤ ፕሮቲዮግላይካን የምንለው ይህን ጥምር ነው። ሰንሰለቱ በሰልፌቱ ምክንያት ኔጋቲቭ ቻርጅ አለው። ሴል ለመባዛት የሚሻቸው ፖሊያሚኖች ደግሞ ፖዘቲቭ ናቸው፤ ፑትሬሲን ሁለት፣ ስፐርሚዲን ሦስት፣ ስፐርሚን አራት ቻርጅ ይይዛሉ። ስለዚህ ይሳሳባሉ። መሳሳብ ግን መግባት አይደለም። በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲው ማቲያስ ቤልቲንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ሥራ ግሊፒካን-1 ስፐርሚንን አዝሎ ወደ ውስጥ እንደሚገባ፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ ሰንሰለቱን ሲቆራርጠውም ጭነቱ እንደሚራገፍ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ኤቲፒ13ኤ2 የተባለው ፕሮቲን ፖሊያሚንን ሊሶዞም ከተባለው የሴሉ ከረጢት ወደ ሴሉ ፈሳሽ እንደሚያወጣ ታወቀ።

ይህ ለመድኃኒት ቀማሚ ትርጉም አለው። ኤፍሎርኒቲን ፖሊያሚን የሚሠራበትን ኤንዛይም ያግዳል፤ በምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ለሚገኘው የእንቅልፍ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ ጸድቋል። የወባ ተህዋሲንም በብልቃጥ ውስጥ ያስቆመዋል። በአይጥ ደም ውስጥ ግን አቅሙ ደካማ ነው፤ ጓዳው የተዘጋበት ተህዋሲ ከአስተናጋጁ ይበደራልና።

ታዲያ የሚበደረው በግሊፒካን በኩል ነው? በደም ውስጥ፣ አይመስለኝም። የበሰለ ቀይ የደም ሴል ከውጭ ያለን ነገር በከረጢት ጠቅልሎ አያስገባም፤ ቤልቲንግና ባልደረቦቹ ያሳዩትን የግሊፒካን መንገድ ወደዚያ መገልበጥ ስህተት ነው። ጉበት ግን ሌላ ነው። የጉበት ሴል ሄፓራን ሰልፌት እጅግ ሰልፌት የበዛበት ነው፤ ከትንኟ ምራቅ የመጣው ተህዋሲ (ስፖሮዞይት) በቆዳ ያሉትን ሴሎች እያለፈ ተጉዞ እዚህ የሚቆመው በዚሁ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአይጥ በተደረገ ሙከራም ኤፍሎርኒቲን የጉበቱን ደረጃ አዳክሟል።

በአገራችን ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተህዋሲ ብቻ ሳይሆን በጉበት ተኝቶ ከወራት በኋላ የሚቀሰቀሰው ቫይቫክስም ስላለ፣ ጥያቄው መፈተን ያለበት በጉበት ላይ ነው። ፈተናው ሄፓራን ሰልፌትን ሄፓሪኔዝ በተባለ ኤንዛይም ከጉበት ሴል ላይ ላጭቶ የሚገባውን ምልክት የተደረገበት ስፐርሚዲን መለካት ነው። ኤንዛይሙ የሚጨመረው ስፖሮዞይቱ ከገባ በኋላ መሆን አለበት፤ ቀድሞ ከተጨመረ ተህዋሲው ራሱ መያዣ ያጣል፣ የሚለካም አይኖርም።