የጊደር አመራረጥና የትዕይንት ዝግጅት ታሪክ፤ በዊንጌትና በሆለታ መንገድ

ከዊንጌት ተነስቶ በአስኮና በቡራዩ አድርጎ ወደ ሆለታና አምቦ የሚወስደው መንገድ የአዲስ አበባ የወተት መንገድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አካባቢው ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1946 ከተከፈተው የጄኔራል ዊንጌት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱም የተሰየመው በጎጃም ከአርበኞች ጎን ተሰልፎ በተዋጋውና በ1933 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር አዲስ አበባ በገባው እንግሊዛዊ መኮንን ስም መሆኑ ይታወቃል። ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጪ ግን ሰፈሩ ሌላም ታሪክ አለው። በስተጀርባው የእንጦጦ ተዳፋት፣ በአቅራቢያው የሸጎሌ የቁም ከብት ገበያ፣ በየግቢውም ሁለትና ሦስት ላም አስሮ ለጎረቤት ወተት የሚሸጥ ነዋሪ የነበረበት አካባቢ ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተደረገ ጥናት በአዲስ አበባና ዙሪያዋ ከ5,000 በላይ አነስተኛ፣ መካከለኛና ትላልቅ የወተት እርባታዎች መኖራቸውን፣ የሚያመርቱትም በዓመት ወደ 35 ሚሊዮን ሊትር እንደሚጠጋ አመልክቷል። የእነዚህ ሁሉ ላሞች ታሪክ የሚጀምረው አንድ ሰው አንዲትን ጊደር አይቶ «ይህችን» ካለበት ቀን ነው።

የድሮው ዓይን

የገበያ አዋቂ የሚባለው የቀድሞ ገዢ ጊደርን የሚመርጠው በዓይኑና በእጁ ነበር። መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ጊደሯ ሳይሆን ስለ እናቷ ነው፤ ስንት ትታለባለች፣ ጥጃዋ ቢሞትባት ወተት ትሰጣለች ወይስ ትከለክላለች፣ አመሏስ እንዴት ነው? ቀጥሎ ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን ያያል። ሁለቱ የፊት የወተት ጥርሶች ወድቀው ቋሚዎቹ ብቅ ካሉ ዕድሜዋ 2 ዓመት ግድም ደርሷል ማለት ነው። ቆዳዋን ቆንጠጥ አድርጎ ይለቃል፤ ልስልስ ሆኖ ቶሎ ከተመለሰ ይወድለታል። ወደ ኋላ ዞሮ የዳሌዋን ስፋት፣ የጡቶቿን አቀማመጥ፣ የጅራቷን ርዝመት ይመለከታል። መንታ ተወልዳ መንታዋ ወይፈን ከሆነ ብዙ አዋቂዎች አይገዙም። ይህን በልምድ ያወቁት ሲሆን ዘመናዊው ሳይንስም አረጋግጦላቸዋል፤ ከወይፈን ጋር መንታ ሆነው ከሚወለዱ ጊደሮች ከ10 ውስጥ 9 የሚሆኑት መካን ናቸው።

ከዚህ ሁሉ የድሮ ዕውቀት ዛሬም ቢሆን ዋጋው ያልቀነሰው የእናት ጥያቄ ነው። የጅራት ርዝመት ግን ወተት ሲጨምር አልታየም።

ዓይኑ ብቻ በቂ እንዳልሆነ ታሪክ ያስተማረው በከባድ ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ባስገቧቸው የሕንድ ከብቶች ሳቢያ የገባው የደስታ በሽታ ከአገሪቱ ከ10 ከብት 9ኙን እንደፈጀ ይገመታል። «ክፉ ቀን» የተባለው ረሃብም ተከተለ። ያኔ የሞተው በሬና ላም ብቻ አልነበረም፤ ገበሬው ለትውልዶች መርጦ ያቆየው ዘርም አብሮ ሄደ። በሽታው በክትባት ዘመቻ ተሸንፎ ኢትዮጵያ ከደስታ ነፃ መሆኗ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2008 ነበር፤ ከዓለም መጥፋቱ የተበሰረው ደግሞ በ2011 ነው።

የውጭ ዝርያ መምጣት

ዘመናዊ የወተት እርባታ በአገራችን ተጀመረ የሚባለው የተባበሩት መንግሥታት የዕርዳታና የመልሶ ማቋቋም ድርጅት (አንራ) እ.ኤ.አ. በ1947 ከለገሳቸው 300 የፍሪዝያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች ነው። በ1960 በዩኒሴፍ ድጋፍ ሾላ ላይ የወተት ማቀነባበሪያ ተቋቋመ። በ1971 የወተት ልማት ድርጅት ተመሠረተ፤ ከመሬት አዋጁ በኋላ የተወረሱት እርባታዎች ተጠቃለው በ1979 የወተት ልማት ኢንተርፕራይዝ ተቋቋመ።

በሌላ በኩል በ1966 በተቋቋመው የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ሆለታና ሌሎች ማዕከላት በ1970ዎቹ ቦረናን፣ ሆሮንና ባርካን ከፍሪዝያን፣ ከጀርሲና ከሲሜንታል ጋር ማዳቀል ጀመሩ። በአርሲ ደግሞ በስዊድን ዕርዳታ በ1967 ሥራ የጀመረው ካዱ በጎቤ እርባታው የአርሲን ላሞች ከፍሪዝያን አዳቅሎ ያረገዙ ጊደሮችን ለአርሶ አደሩ ይሸጥ ነበር። ይህ በጊደር አመራረጥ ታሪክ ትልቅ ለውጥ ነው፤ አርሶ አደሩ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቷና እናቷ በመዝገብ የታወቀች ጊደር ገዛ። የአካባቢ ላም በአማካይ በቀን ከ2 ሊትር በታች በምትሰጥበት አገር ውስጥ በደንብ የተያዘች ዲቃላ የዚያን ብዙ እጥፍ መስጠቷ የታየውም ያኔ ነው።

ከዚህ ጋር ግን አንድ አዲስ ስህተት መጣ። ጥቁርና ነጭ የሆነች ጊደር ሁሉ ገበያ ላይ «ፈረንጅ ላም» መባል ጀመረች። የአገራችን ዝርያዎች ውስጥም ጥቁርና ነጭ ቡሬ ሞልቷል። ቀለሟን ብቻ አይቶ ብዙ ሺህ ብር ያወጣ ገዢ ጊደሯ ወልዳ ሁለት ጣሳ ስታወርድለት የሚጠይቀው ሰው አያገኝም። መዝገብ በሌለበት ቀለም የሚያጭበረብረውን ያህል ሌላ ነገር አያጭበረብርም።

ትዕይንቱና ነጥቡ

የከብት ትዕይንት በዓለም ረጅም ዕድሜ አለው። የእንግሊዝ የንጉሣዊ ግብርና ማኅበር የመጀመሪያ ትዕይንቱን በኦክስፎርድ ያዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ1839 ነበር። አሜሪካኖቹ የሆልስታይን ፍሪዝያን አርቢዎች ደግሞ በ1922 አንዲት ጥሩ ላም ምን መምሰል እንዳለባት የሚያሳይ ሞዴል አስቀርጸው ዳኞች ሁሉ በአንድ መለኪያ እንዲያዩ አደረጉ። በእኛ አገር በመስክ ቀናትና በግብርና ኤግዚቢሽኖች ላይ ከብት ማቅረብ ቢለመድም በተጻፈ መለኪያ መዳኘት ገና ነው። በኅዳር 2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ወተት ከዶሮና ከማር ጋር ትኩረት ስላገኘ ጉዳዩ ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል።

ጊደር ገና ስላልታለበች ዳኛው የሚያየው ነገን ነው። ከጎን ሲያያት ጀርባዋ ሳይጎብጥ የተዘረጋ፣ ደረቷ ጥልቅ፣ ጎድኗ ወደ ኋላ የተለጠጠና ክፍት መሆን አለበት፤ ብዙ ድርቆሽ የሚይዝ ሆድ ለወተት ላም የግድ ነው። ከኋላ ሲያይ ዳሌዋ ሰፊ ካልሆነ ነገ ምጥ ይጠብቃታል። እግሯ ቀጥ ብሎ ሰኮናዋ የተሟላ ይሁን፤ ሲሚንቶ ላይ ታስራ ለምትኖር የከተማ ላም እግር ከሁሉም በላይ ነው። አራቱ ጡቶች እኩል ተራርቀው የተቀመጡ ቢሆኑ ይመረጣል። ከዚህ ሁሉ ጋር የደረት ዙሪያዋ በሜትር ተለክቶ ክብደቷ ይገመታል፤ ዕድሜዋ ከፍ ብሎ ክብደቷ ወደ ኋላ የቀረ ከሆነ በጥጃነቷ ተርባለች ማለት ነው።

በትዕይንት ሜዳ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ክርክር የውፍረት ነው። ተመልካቹም፣ አንዳንዴ ዳኛውም፣ የሚያጨበጭበው ለሰባችው ጊደር ነው። በሬ ሲያደልብ የኖረ ሕዝብ ስብን ቢወድ አይገርምም። ሆኖም ከጥጃነቷ ጀምሮ ጉርምስና እስክትደርስ በፉርሽካና በፋጉሎ ከመጠን በላይ የደለበች ጊደር ግቷ ውስጥ ወተት አመንጪው ሕዋስ በሚያድግበት ቦታ ስብ ይከማቻል፤ በኋላም ወተቷ ያንሳል፤ ለመፀነስም ታስቸግራለች። ከ1 እስከ 5 በሚሰጠው የሰውነት አቋም ነጥብ 3 አካባቢ ያለች ጊደር ትበቃለች። ጎድኗ በእጅ ሲዳሰስ የሚገኝ፣ በዓይን ግን ብዙም የማይቆጠር መሆን አለበት። ሽልማት ለስብ የሚሰጥ ትዕይንት አባላትን የሚያስተምረው ወተት ማጣትን ነው፤ ለዚህም ነው ከመልክ ነጥብ ጎን የእናቲቱ የወተት መዝገብ እንዲቀርብ መጠየቅ የሚገባው። አዳቃይ ቴክኒሻኑ የሚጽፋት የኮርማ ቁጥር ያለባት ቁራጭ ወረቀት ከጊደሯ ገመድ እኩል መጠበቅ አለባት።

ከሜዳው በፊትና በኋላ

ዝግጅቱ የሚጀምረው ቢያንስ ከ6 ሳምንት በፊት ነው። ገመድ ያልለመደች ጊደር በሕዝብ መሃል ትፈራለች፤ ሰው ትጎዳለች፤ ዳኛውም ቆማ ሊያያት አይችልም። በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ታስራ መቆም፣ ከዚያም በገመድ ቀስ ብላ መሄድ ትለማመድ። ይህን ሥራ ልጆች ከአዋቂ ይልቅ በትዕግሥት ይሠሩታል። ሰኮናዋ የሚስተካከለው ከ3 ወይም 4 ሳምንት በፊት ነው፤ በመጨረሻው ቀን የተቆረጠ ሰኮና ካሳመማት አንክሳ ትቀርባለች። በየሳምንቱ በሳሙናና በለብታ ውኃ ማጠብ፣ የጅራቷን ጫፍ ማበጠር፣ መዥገር መልቀም ተገቢ ነው። መኖዋ ግን እንደለመደችው ይቀጥል። ለማሳመር ሲባል በዋዜማው አተላና የቢራ ተረፈ ምርት በብዛት የተሰጣት ጊደር ሆዷ ተነፍቶ ወይም አስቀምጧት መምጣቷ አይቀርም።

ከየሰፈሩ የመጡ ከብቶች አፍንጫ ለአፍንጫ የሚገናኙበት ቦታ ለአፍተግር የተመቸ ነው። ስለሆነም የአፍተግርና የአባ ሰንጋ ክትባት ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ተሰጥቶ ማስረጃው በመግቢያው በር ላይ ይታይ። የመጠጫ ባልዲ ከቤት ይምጣ፤ የጋራ ገንዳ አይኑር። ጊደሯ ተሸልማም ሆነ ሳትሸለም ስትመለስ ለ3 ሳምንት ከሌሎቹ ላሞች ተለይታ ትታሰር፤ የሚያልበው ሰውም መጀመሪያ ላሞቹን፣ በመጨረሻ እሷን ይንካ።