የጭስ ማውጫ ቱቦ አተጣጠፍ

የጭስ ማውጫ ቱቦ አተጣጠፍ የተቃጠለውን ጋዝ ከሞተር ወደ ማርሚታ የሚወስደው ቱቦ በመኪናው ሆድ ስር እንዲያልፍ የሚታጠፍበት ዘዴ ነው። የቱቦውን ውስጣዊ ስፋት ስለሚወስን በሞተሩ ጉልበት ላይ ለውጥ ያመጣል።

በፕሬስ ማጠፊያ ቱቦው ከውጭ ተገፍቶ ስለሚታጠፍ መታጠፊያው ላይ ይጨፈለቃል። ስራው ርካሽና ፈጣን ነው። ሆኖም ዲያሜትሩ በትንሹ ሲጠብ ስፋቱ በብዙ ይቀንሳል፦ 60 ሚሊሜትር የነበረው ቱቦ 50 ሚሊሜትር ከሆነ ጋዝ የሚያልፍበት ስፋት በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ሞተሩ ጭሱን ለመግፋት ጉልበት ያባክናል፤ በሲሊንደሩ የሚቀረው ጋዝም የአዲሱን አየር ቦታ ይይዛል። ጋዙ በጣም ሞቃትና የተስፋፋ የሚሆነው ሞተሩ አጠገብ በመሆኑ እዚያ ያለ ጥበት ከጫፉ ይልቅ ይጎዳል።

በማንድሬል ማጠፊያ ግን ማንድሬል የተባለ ደጋፊ ብረት ከውስጥ ስለሚገባ የቱቦው ክብነት አይጠፋም። ለእሽቅድምድም መኪና የሚመረጠው ይህ ነው። ማሽኑ በሌለበት ቱቦውን በአሸዋ ሞልቶ፣ ጫፎቹን ደፍኖና በእሳት አግሎ ማጠፍ ይቻላል። አሸዋው ፍጹም ደረቅ መሆን አለበት፤ እርጥበት ካለው እንፋሎቱ ቱቦውን ሊያፈነዳው ይችላል።

ከነጌሌ ቦረና ወደ ፊልቱና ዶሎ ኦዶ በዝቅተኛ የሞተር ዙር ለሚጓዝ የጭነት መኪና የአተጣጠፉ ልዩነት እምብዛም አይታወቅም። ለእሱ ይበልጥ የሚያሰጋው ብየዳው ነው፤ በንዝረት ከተሰነጠቀ ሽታ የሌለው መርዛማ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ጋቢናው ሊገባ ይችላል።