የ«ሳይኮ» መታጠቢያ ክፍል፦ ማን ነደፈው? ማን መራው?

አሜሪካዊው የንግድ ሥዕል ባለሙያና የፊልም ዳይሬክተር ሶል ባስ ኤፕሪል 25 ቀን 1996 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ካረፈ ሦስት ዐሥርት ዓመታት ገደማ ተቆጥረዋል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአየር መንገድና የስልክ ኩባንያ አርማ የነደፈ፣ የፊልም ፖስተር የሣለ፣ የፊልሞችን መክፈቻ ራሱን የቻለ ጥበብ ያደረገ፣ በኋላም ፊልም መርቶ ለኦስካር የበቃ ሰው በመሆኑ ሕይወቱን በአንድ ሙያ ስም ጠቅልሎ መጥራት አስቸጋሪ ነው። ይሁንና ከሥራዎቹ ሁሉ ይልቅ ስሙን ሲያስነሣ የኖረው፣ የእኔ ነው የአንተ ነው ሲባልበት የቆየ፣ አንድ ደቂቃ እንኳ የማይሞላ የፊልም ትዕይንት ነው።

ባስ በ1920 ኒውዮርክ ከተማ፣ ብሮንክስ በተባለው ሰፈር፣ ከምሥራቅ አውሮፓ ተሰደው ከመጡ አይሁዳውያን ወላጆች ተወለደ። እንጀራው የሆነው የንግድ ሥዕል፣ ማለትም ሰዓሊው ለገዛ ስሜቱ ሳይሆን ዕቃውን ወይም ፊልሙን ለመሸጥ ለሚሻ ደንበኛ፣ በተቆረጠ ቀንና በተለካ ቦታ የሚሠራው ሥዕል ሲሆን፣ ከወጣትነቱ ጀምሮ የፊልም ማስታወቂያዎችን ያዘጋጅ ነበር። በብሩክሊን ኮሌጅ ያስተማረው ሀንጋሪያዊው ጆርጂ ኬፔሽ ጥቂት ቅርጾች፣ የተመጠነ ቀለምና ባዶ ቦታ ብቻቸውን ትርጉም ሊሸከሙ እንደሚችሉ የሚያሳየውን የአውሮፓ ዘመናዊ ንድፍ ያስጨበጠው ሲሆን፣ ባስ በ1946 ወደ ሎስ አንጀለስ ሲዛወር የያዘው ስንቅ ይኸው ትምህርት ነበር።

የተዋንያንን ፊት መደርደር የፊልም ማስታወቂያ ወግ በነበረበት ዘመን ባስ ፊልሙን በአንድ ምልክት መጠቅለልን መረጠ። ዳይሬክተሩ ኦቶ ፕሪሚንጀር በ1954 ለ«ካርመን ጆንስ» ያሠራው ፖስተር ስላስደሰተው የፊልሙን መክፈቻም የሰጠው ሲሆን፣ በሚቀጥለው ዓመት ስለ ሄሮይን ሱሰኛ በሚተርከው «ባለ ወርቃማ ክንዱ ሰው» ላይ በጥቁር መደብ የሚንቀሳቀሱ ነጫጭ ዘንጎች በመጨረሻ የተጣመመ ክንድ ሆነው ታዩ። የባለሙያዎች ስም የሚዘረዘርበት መክፈቻ ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ መጋረጃው ሳይገለጥ የሚያልፍ በመሆኑ፣ የዚህ ፊልም ጥቅሎች ለሲኒማ ቤቶች ሲላኩ መጋረጃው ከስም ዝርዝሩ በፊት እንዲከፈት የሚያሳስብ ማስታወሻ ተያይዞ ነበር።

አልፍሬድ ሂችኮክ የ«ቨርቲጎ»ን (1958) እና የ«ኖርዝ ባይ ኖርዝዌስት»ን (1959) መክፈቻ ለባስ ከሰጠ በኋላ፣ በ1960 ለወጣው «ሳይኮ» ሌላም ኃላፊነት ጨመረለትና ባስ «ፒክቶሪያል ኮንሰልታንት»፣ ማለትም የሥዕላዊ አቀራረብ አማካሪ፣ ተብሎ ተመዘገበ። ሥራው ለተመረጡ ትዕይንቶች ስቶሪቦርድ ማዘጋጀት ነበር፤ ስቶሪቦርድ የሚባለውም ካሜራ ከመነሣቱ በፊት እያንዳንዱ ምስል ከየት አቅጣጫ፣ ከምን ያህል ርቀትና በምን ቅደም ተከተል እንደሚታይ የሚያሳይ ተከታታይ ሥዕል ነው። ማሪዮን ክሬን የተባለችው ገጸ ባሕርይ በሞቴል መታጠቢያ ክፍል ሻወር ስትወስድ በቢላ ለምትገደልበት ትዕይንት ባስ 48 ሥዕሎች አዘጋጀ። ቀረጻው በዲሴምበር 1959 ሰባት ቀናት ወስዶ ካሜራው ከ70 ጊዜ በላይ ቦታ ሲቀያይር፣ ግድያው በፊልሙ ላይ የሚቆየው ግን 45 ሰከንድ ያህል ነው።

ሂችኮክ በ1962 ከፈረንሳዊው ዳይሬክተር ፍራንሷ ትሩፎ ጋር ባደረገው ረጅም ቃለ ምልልስ፣ ባስ ለ«ሳይኮ» የነደፈው መርማሪው አርቦጋስት ደረጃ የሚወጣበትን አንድ ትዕይንት ብቻ እንደሆነና እሱንም እንዳልተጠቀመበት ተናገረ። ባስ በበኩሉ ከዓመታት በኋላ የመታጠቢያ ክፍሉን ትዕይንት ከመንደፍ አልፎ በሂችኮክ ፈቃድ ቀረጻውን የመራው እሱ ራሱ መሆኑን ገለጸ። ማሪዮንን ሆና የተጫወተችው ጃኔት ሊ ግን በካሜራው ፊት የመራት ሂችኮክ እንጂ ሌላ ሰው እንዳልነበረ አጥብቃ የመሰከረች ሲሆን፣ ረዳት ዳይሬክተሩ ሂልተን ግሪንም ቃሏን አጸና።

እነዚህ ቃሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ አንድ ተደርገው የተያዙ ሁለት ጥያቄዎች መኖራቸው ይታያል፤ አንደኛው ትዕይንቱን ማን ነደፈው የሚል፣ ሁለተኛው ማን መራው የሚል ነው። ለሁለተኛው በስፍራው የነበሩት የሊና የግሪን ምስክርነት ሚዛን የሚደፋ ሲሆን፣ ለመጀመሪያው ግን ሥዕሎቹ ራሳቸው ምስክር ናቸው። የንድፍ ታሪክ ተመራማሪዋ ፓት ከርከም እንዳሳየችው፣ ፊቱ የማይለይ ጥላ ሆኖ የሚታየው ገዳይ፣ የሚሰነዘረው ቢላ፣ የተዘረጋው የሟች እጅ፣ የሚቀደደው መጋረጃ፣ ከውኃ መውረጃው ቀዳዳ ወደ ሟቿ ዓይን የሚደረገው ሽግግር ሁሉ በባስ ወረቀት ላይ ሰፍረው የነበሩ ናቸው። ሂችኮክ ለትሩፎ የሰጠው መልስ ይህን ውለታ ሳይቆጥር ቀርቷል።

ይህም ሆኖ ሂችኮክ ራሱ የተረከው የአርቦጋስት ጉዳይ ንድፍ ብቻውን ትዕይንት እንደማይሆን ያስረዳል። ሂችኮክ ታምሞ በቀረበት ቀን ግሪን የባስን ሥዕል ተከትሎ መወጣጫውን የያዘ እጅና ደረጃውን የሚረግጡ እግሮችን ቀረጸ፤ ዳይሬክተሩ ውጤቱን ሲያይ ግን ምስሎቹ ያማሩ ቢሆኑም ንጹሑን መርማሪ ሊገድል የሚወጣ ሰው እንዳስመሰሉት ተገንዝቦ ጣላቸው። ምስሉ በታሪኩ ውስጥ ምን ትርጉም እንደሚሰጥ መመዘን የዳይሬክተሩ ድርሻ ነበር። የመታጠቢያ ክፍሉ ሽብርም ያለ ጆርጅ ቶማሲኒ የምስል ቅንብርና ሂችኮክ መጀመሪያ ላይ ባልፈለገው የበርናርድ ሄርማን የቫዮሊን ሙዚቃ ዛሬ የሚታወቀውን መልክ ባልያዘ ነበር።

ባስ በዚያው ዘመን በስታንሊ ኩብሪክ «ስፓርታከስ» (1960) የታላቁን ጦርነት አሰላለፍ ሲነድፍ፣ በ«ግራንድ ፕሪ» (1966) ደግሞ በመኪና እሽቅድምድሙ ክፍሎች ላይ ሠርቷል። በ1961 ያገባት ኢሌን ማካቱራ እስከ መጨረሻው የሥራ ጓደኛው ስትሆን፣ ድርሻዋ ለረጅም ጊዜ በባሏ ስም ሥር ተሸፍኖ መቆየቱ የባስን የራሱን ቅሬታ ያስታውሳል። የቤል የስልክ ድርጅት አርማ በ1969፣ የዩናይትድ አየር መንገድ አርማ በ1974 ከባስ ስቱዲዮ ወጡ። ስለ ሰው ልጅ ፈጠራ የሚተርከው «ሰው ለምን ይፈጥራል» የተሰኘው አጭር ፊልሙም የ1968ን የአጭር ዘጋቢ ፊልም ኦስካር አስገኘለት።

የመንደፍና የመምራት ጥያቄ ግን በ1974 በወጣው «ፌዝ ፎር» (አራተኛው ምዕራፍ) ራሱን ባስን ፈተነው፤ ይህ የመራው ብቸኛ ረጅም ፊልም ነው። ታሪኩ በአሪዞና በረሃ በአንድ አሳብ ተባብረው በሰው ላይ ስለተነሡ ጉንዳኖች ሲሆን፣ የውስጥ ትዕይንቶቹ በእንግሊዝ ፓይንዉድ ስቱዲዮ፣ የውጭዎቹ በጎረቤታችን ኬንያ ተቀረጹ። ኬን ሚድልሃም የቀረጻቸው ጉንዳኖች በንድፋቸው ጥራት ዛሬም ያስደንቃሉ፤ ሰዎቹ ግን ከጉንዳኖቹ ያነሰ ሕይወት ስላላቸው ፊልሙ ተመልካች አላገኘም። አከፋፋዩ ፓራማውንት የቆረጠው በረቂቅ ምስሎች የተሞላው የባስ ፍጻሜ ለሕዝብ የታየው በ2012፣ ባስ ካረፈ ከ16 ዓመት በኋላ ነው። ሂችኮክ የአርቦጋስትን ምስሎች ሲጥል የመዘነው፣ ባስ ብቻውን ሲሆን የጎደለው እሱ ነበር፤ የባስ ጉንዳኖች ያላቸው ትክክለኛነት ደግሞ የ«ሳይኮ» 48 ሥዕሎች ከማን እጅ እንደወጡ ያስታውሳል።

ዛሬ ፊልም በስልክና በቤት ቴሌቪዥን ሲታይ መክፈቻውን ለመዝለል አንድ ቁልፍ መንካት ብቻ ስለሚበቃ፣ ፕሪሚንጀርና ባስ በ1955 ያስከፈቱት መጋረጃ በተመልካቹ ጣት መልሶ እየተዘጋ ነው። ሂችኮክ በቃሉ የነፈገውን ውለታ ግን የሂችኮክ ፊልም ራሱ መዝግቦታል፤ «ፒክቶሪያል ኮንሰልታንት፣ ሶል ባስ» የሚለው ጽሑፍ የሚነበበው ባስ ራሱ በነደፈው በ«ሳይኮ» መክፈቻ ላይ፣ ያንን ቁልፍ ሳይነካ ለሚጠብቅ ተመልካች ነው።