የኤድስ መድኃኒት በቆዳና በአፍ ላይ ስላደረሰው ጉዳት አጭር ታሪክ፤ በተለይ ስለ ጅግጅጋና ስለ አካባቢዋ ከተሞች

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ኤድስን ለመግታት የሚሰጠው መድኃኒት በአንዳንድ በሽተኞች ቆዳና አፍ ላይ ያደረሰውን ብርቱ ጉዳት፥ ጉዳቱም በምን ሥርዓት እየቀነሰ እንደ መጣ መመርመር ነው። ለምርመራችን ጅግጅጋንና በሶማሌ ክልል ሰሜን ያሉትን ከተሞች መርጠናል። ምክንያቱም በ2016 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ ቫይረሱ የተገኘባቸው ጐልማሶች በአገሪቱ በጠቅላላው ከመቶ 0.9 ሲሆኑ በሶማሌ ክልል ከመቶ 0.1 እንኳ አልሞሉም። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ነገር ግን በሽታው በማይበዛበት ስፍራ የመድኃኒቱም ጉዳት አልፎ አልፎ ብቻ ስለሚታይ፥ ባለሙያው ምልክቱን በልምድ ሳይሆን በትምህርት ማወቅ ግድ ይሆንበታል።

ሕመሙ ከኤድስ በፊት የታወቀ ነው። በ1922 ስቲቨንስና ጆንሰን የተባሉ ሁለት የኒው ዮርክ ሐኪሞች ትኩሳት፥ ሽፍታ፥ የአፍ ቁስልና የዓይን መቃጠል በአንድነት የያዛቸውን ሁለት ልጆች ገልጠው ጻፉ። በ1956 ደግሞ ላየል የተባለው የስኮትላንድ ሐኪም ቆዳው በፈላ ውሃ እንደ ተቃጠለ ሆኖ የሚላጥበትን የከፋ ሕመም ገለጠ። ዛሬ ሁለቱ የአንድ ሕመም ልዩ ልዩ ደረጃዎች ተብለው ይቈጠራሉ፤ መንሥኤውም ብዙውን ጊዜ መድኃኒት ነው። ቀላሉ ከመቶ እስከ ዐሥር፥ ከባዱ ከመቶ ሠላሳ ያህል በሽተኞችን ይገድላል።

በአፍሪካ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ የመጣው ከሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ነው። ቲያሴታዞን የተባለው መድኃኒት ዋጋው ርካሽ ስለ ነበር በኢትዮጵያም ጭምር ለብዙ ዘመን ይሰጥ ነበር። በ1991 በኬንያ የተደረገ ጥናት ግን ኤች አይ ቪ ባለባቸው ሰዎች ላይ ቆዳን እየላጠ እስከ ሞት የሚያደርስ መሆኑን አስረዳ፤ ወዲያውም የዓለም ጤና ድርጅት ለእነዚህ በሽተኞች እንዳይሰጥ መከረ። ከዚህ የምንረዳው፥ ርካሽ መድኃኒት ለድኻ አገር ትልቅ ጸጋ ቢሆንም ጥንቃቄው ግን ርካሽ አለመሆኑን ነው።

በኢትዮጵያ ቫይረሱ በ1984 በደም ውስጥ ተገኘ፤ የመጀመሪያዎቹም በሽተኞች በ1986 ታወቁ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ያለ መድኃኒት አለቀ። በ2001 አንድ የህንድ ፋብሪካ ስታቩዲን፥ ላሚቩዲንና ኔቪራፒን የተባሉትን ሦስት መድኃኒቶች ለአንድ ሰው በዓመት 350 ዶላር ለማቅረብ መስማማቱን ባስታወቀ ጊዜ ነገሩ ተለወጠ፤ የባለጸጋ አገሮች ዋጋ በዓመት ከ10,000 ዶላር በላይ ነበርና። በአገራችን መድኃኒቱ በ2003 በክፍያ፥ በጥር ወር 2005 ደግሞ በነጻ መሰጠት ጀመረ። ሕዝቡም «የዕድሜ ማራዘሚያ» ብሎ ጠራው።

ከሦስቱ መካከል ቆዳን በብርቱ የሚጐዳው ኔቪራፒን ነው። ከሚወስዱት ሰዎች ከሺህ ሦስት ያህሉን ይህ ከባድ ሕመም ይይዛቸዋል፤ አብዛኛውም በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንቶች ውስጥ ይደርሳል። ስለዚህ ሥርዓት ተሠራለት፤ ይኸውም በሽተኛው እስከ ዐሥራ አራት ቀን ድረስ ኔቪራፒንን በቀን አንድ ጊዜ ብቻ እንዲወስድ፥ ሽፍታ ካልወጣበት በኋላ ሁለት ጊዜ እንዲያደርገው ነው። ሦስቱ መድኃኒቶች በአንድ ክኒን ተጨምቀው ስለሚመጡ ግን፥ በእነዚያ ቀኖች የጧቱ ክኒን ሌላ የማታውም ሌላ ነበር። ክኒኑን ያቀያየረ ሰው ሳያውቀው መጠኑን ያበዛ ነበር።

ይህ ሥርዓት በወረቀት ላይ በአዲስ አበባም በጅግጅጋም አንድ ነው፤ በመንገድ ላይ ግን አንድ አይደለም። በጅግጅጋ ካራማራ ሆስፒታል አለ፤ ነገር ግን ከቶጎ ውጫሌ፥ ከቀብሪ በያህ ወይም ከሐርትሼክ የሚመጣ ሰው በዐሥራ አራተኛው ቀን ይመለስ ዘንድ የመኪና ገንዘብና የሚተካው ሰው ያስፈልገዋል። ከብቱን ተከትሎ የሄደ ቤተሰብም ቀጠሮን በቀን አይቈጥርም። ከዚህም ሌላ ክኒኑን የሚሰጠው ሰው ሶማልኛ ባይችል፥ «አፍህ ከቈሰለ፥ ዓይንህ ከቀላ፥ ቆዳህ ውሃ ከቋጠረ ፈጥነህ ና» የሚለው ቃል በአስተርጓሚ ማለፉ አይቀርም። በሽታውን ከጎረቤት የደበቀ ሰው ደግሞ ሽፍታውንም ይደብቃል፤ ቤተሰቡም ኩፍኝ ነው ብሎ ቤት ያስተኛዋል።

በዚህ ላይ ስሕተቱ በሁለት ወገን መሆኑን ማስተዋል ይገባል። ቀላል ሽፍታ የወጣበት ሰው ፈርቶ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ቢተው፥ ኔቪራፒን ከሌሎቹ ይልቅ በደም ውስጥ ስለሚቈይ ቫይረሱ ይለምደዋል። አፉ የቈሰለ፥ ቆዳው ውሃ የቋጠረ ሰው ደግሞ ታግሦ ቢቀጥል ሕይወቱን ያጣል። እንዲህ ያለው ሰው ኔቪራፒንን ዳግመኛ መቅመስ የለበትም። ከዚህም ሌላ፥ ሌሎች በሽታዎችን ለመከላከል የሚሰጠው ኮትሪሞክሳዞል ይህንኑ ጉዳት ስለሚያመጣ፥ ሁለቱ በአንድ ቀን ከተጀመሩ ጥፋተኛው የትኛው እንደ ሆነ ለመለየት ያስቸግራል።

ከ2013 ወዲህ በዓለም ጤና ድርጅት ምክር ኤፋቪሬንዝ፥ ከ2018 ወዲህም ዶሉቴግራቪር የኔቪራፒንን ቦታ ስለ ያዙ ጉዳቱ እጅግ ቀንሷል። ሆኖም ኔቪራፒን ቫይረሱ ካለባቸው እናቶች ለሚወለዱ ሕፃናት መከላከያ ሆኖ ይሰጣል፤ ኮትሪሞክሳዞልም አልቀረም። እንግዲህ ታሪኩ አላለቀም።

ከላይ እንደ ተመለከትነው፥ የተሻለው መድኃኒት እስኪመጣ ድረስ በሽተኛውን የጠበቀው የዐሥራ አራቱ ቀን ሥርዓትና በሚገባው ቋንቋ የተነገረው ማስጠንቀቂያ ናቸው። ወደፊት ለሚመጣውም አዲስ መድኃኒት ሁሉ ይኸው ያስፈልገዋል። ስለዚህ ወደ ጅግጅጋና ወደ ድንበሩ ከተሞች ክኒን በሚላክበት ጊዜ፥ ማስጠንቀቂያው በሶማልኛ፥ የመመለሻው ገንዘብም ከክኒኑ ጋር አብሮ ሊታሰብ ይገባል እንላለን።